ጎማ ላይ ጎማ ሲፈነዳ

ከጅማ ወደ አጋሮ ስንሄድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ጎማው ፈነዳ። ከኋላ ተኝተው የነበሩ አንድ ሰውዬ ብንን ብለው «የት ደረስን?» አሉ። ረዳቱ በሩን ከፍቶ እየዘለለ «ጎማ!» አላቸው። «እሱንማ ሰማሁ፤ የት ነን ነው የምልህ!» «ጎማ ነዋ አባባ!» መኪናው በሳቅ ሞላ። ልጁ ሁለቱንም ጊዜ አልዋሸም። የፈነዳው ጎማ ነው፤ የፈነዳበትም ቦታ ጎማ ወረዳ ነው።

እኛ ሦስት ነበርን። ወደዚያ የሄድነው ስለ ቡና ልንጽፍ ነው (ጋዜጠኝነት ተምሮ ስለ ቡና ያልጻፈ ካለ እጁን ያውጣ)። ያቺ ቀልድ ግን ሰተት ብላ ገብታ የቡናውን ጽሑፍ ከጭንቅላታችን አስወጣችው። ቡናውን ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን። ዛሬ የምናወራው ስለ ቃላት አወጣጥ ነው፤ ስለ ጣሊያንኛ ቃላት፣ በተለይ ስለ ጣሊያንኛ ግሶች፣ እና እነዚህ ግሶች ጅማ ሲደርሱ ምን እንደገጠማቸው። ሰዋስው የሚጠላ ሰው ትንሽ ይታገሰን፤ ታሪኩ ውስጡ ነው ያለው።

በሁለቱ ጎማዎች እንጀምር። አንደኛው ጎማ የቆየ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጊቤ ወንዝ ዙሪያ ከነበሩት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት አንዱ ነበር፤ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ። (ጎማና ጉማ ጎረቤታሞች ናቸው። ለትየባ ስህተት ሆን ተብለው የተፈጠሩ ይመስላሉ።) ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ ሁሉም በምኒልክ ሥር ገቡ፤ ጅማ ብቻ በዳግማዊ አባ ጅፋር ብልሃት ግብር እየከፈለ፣ የራሱን ንጉሥ ይዞ እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ድረስ ቆየ። ሁለተኛው ጎማ ደግሞ በመኪና የመጣ ነው። ጣሊያኖች ላስቲክን «ጎማ» ይሉታል፣ እኛም ከነስሙ ተቀበልነው።

ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም። ግን ሁለቱም ላይ «ማ» ትጠብቃለች። ፊደላችን ይህን አይነግረንም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ገና ነው» የምንለው፣ «ዋና» ስንል መዋኘቱ ይሁን ዋናው፣ «አለ» ስንል ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ የሚያነበው ሰው ከአገባቡ ይገምታል። የጣሊያን ፊደል ግን የሚጠብቀውን ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጽፋል። ለዚህ ነው ጣሊያኖች የጅማን ስም በካርታቸው ላይ ሲጽፉ ሁለት «ም» የደረደሩት። በእንግሊዝኛ ስሟን በአንድ «ም» ብቻ የሚጽፏት ብዙዎች ናቸው፤ ያ አጻጻፍ እንዳለ ቢነበብ «ጅማ» ላልታ፣ የማናውቃት ሌላ ከተማ ትሆናለች። የአፋን ኦሮሞው ቁቤም በ1991 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል ሁለት «ም» ነው የጻፈላት። ሊገዛት የመጣው ጣሊያን እና የራሷ ልጆች በአንድ ነገር ተስማሙ ማለት ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፤ ጣሊያኖቹ ስማችንን በደንብ ሰምተውታል።

ከመካከላችን አንዷ በተመረቅንበት ዓመት የማታ ጣሊያንኛ ጀምራ ነበር (ለሦስት ወር፤ ከዚያ ሥራ ተገኘ)። ደብተሯ ግን አልጠፋም፣ ጅማም ይዛው መጥታለች። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ሙሉ በሙሉ ቃል ስለመከፋፈል ናቸው። ጣሊያኖች ልጅን ፊደል ሲያስተምሩ ቃልን በክፍለ ቃል እያስቆረጡ ነው፤ መስመር ሲያልቅ ቃሉ የት እንደሚሰበር ማወቅ ግዴታ ነው። የሚጠብቀው ፊደል ለሁለት ይከፈላል፤ ጎም-ማ፣ ማክ-ኪ-ና፣ ፋብ-ብሪ-ካ። «ስ» ከሌላ ተነባቢ ጋር ሲመጣ ደግሞ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፤ ፓ-ስታ፣ ፖ-ስታ። እስቲ እናንተ «ፓስታ» በሉ። «ፓስ-ታ» ነው ያላችሁት አይደል? አንድ ሳህን ፓስታ እንኳን የምንቆርጠው በተለያየ ቦታ ነው።

ከሁሉ የገረመን «ያ» ናት። ጣሊያንኛ «ኪያ»፣ «ፒያ»፣ «ሪያ» የሚሉትን በአንድ ትንፋሽ፣ እንደ አንድ ክፍለ ቃል ያወጣቸዋል። እኛ እያንዳንዱን ፊደል ድርሻውን እንሰጠዋለን። ስለዚህ የእነሱ «ፒያት-ሳ» ሁለት ክፍለ ቃል ሲሆን የእኛ ፒ-ያ-ሳ ሦስት ነው። የእነሱ «ማክ-ኪያ-ቶ» ሦስት ነው፣ የእኛ ማ-ኪ-ያ-ቶ አራት። ጅማ ውስጥ ቡናው በተለቀመበት አገር ተቀምጠን አራት ክፍለ ቃል ያለው ማኪያቶ ስናዝ አስተናጋጁ ምንም አልመሰለውም። የተገላቢጦሽም አለ። አዲስ አበባ ላይ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራውን ድርጅት ስም ይዘው «ካ-ዛ-ኢን-ቺስ» ያሉትን ሰፈር የአዲስ አበባ ሰው አንዱን ክፍለ ቃል ውጦ ካዛንችስ አለው።

ቀጥሎ በደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት አንድ ገጽ አለ፤ ርዕሱ «ድምፅ የሚወድቅበት ቦታ» ይላል። የጣሊያንኛ ቃል ሁሉ አንድ ክፍለ ቃሉ ከሌሎቹ ጠንከር፣ ረዘም ብሎ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው በፊት ያለው ነው፤ አንዳንዴ የመጨረሻው፣ አንዳንዴ ከመጨረሻው ሦስተኛው፣ በጥቂት ግሶች ላይ አራተኛው ሁሉ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ስም አላቸው፤ የመጀመሪያውን «ሜዳማ»፣ መጨረሻው ላይ የሚወድቀውን «ቆራጣ»፣ ሦስተኛው ላይ የሚወድቀውን «ተንሸራታች» እንደማለት ነው። ግስ ላይ ሲመጣ ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። «ላቮሮ» የሚለውን ውሰዱ። ድምፁ «ቮ» ላይ ሲወድቅ «እሠራለሁ» ማለት ነው። ያው ቃል ድምፁ መጨረሻው «ሮ» ላይ ሲወድቅ «ሠራ» ይሆናል፤ ሰውየውም ተቀየረ፣ ጊዜውም ተቀየረ። በላቲኑ ፊደል ሲጻፍ የመጨረሻዋ ፊደል አናት ላይ አንዲት ጭረት ትቀመጥበታለች። በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም «ላቮሮ» ናቸው፤ እኔም እሱም፣ ዛሬም ትናንትም።

አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ይህን ነገር ብዙም አይሰማውም። ለዚህ ነው ጣሊያኑ «ማ»ን ጠንክሮ፣ ሌላውን አንሸራትቶ የሚጠራትን ማኪና እኛ ወስደን ማጥበቂያዋንም ጥለን፣ ድምፁንም አንስተን መኪና ያልናት። አፋን ኦሮሞም «ኪ»ን አስረዝሞ ነው የሚጠራት። ፋብሪካም እንደዚሁ ናት፤ እዚያ «ፋ» ላይ ይጮኻሉ፣ እዚህ «ሪ» ላይ እናርፋለን።

ግን እኛስ ግሳችን ላይ ምን አለን? ማጥበቅና ማላላት! «ይመታል» የሚለውን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ላልቶ ሲነበብ መቺው ነው። ጠብቆ ሲነበብ ተመቺው ነው። በጽሑፍ ላይ የሚመታውና የሚመታው አንድ ናቸው (ይህችን ዓረፍተ ነገር ደግማችሁ ካላነበባችኋት አትገባም)። ጣሊያንኛ በድምፅ አወዳደቅ የሚሠራውን እኛ በማጥበቅ እንሠራዋለን። ደግሞ ጣሊያንኛም ማጥበቅን ጨርሶ አያጣውም። «እኛ እንሠራለን» በሚለው የወደፊት ግሳቸው ላይ አንዲት «ም» ብትጠብቅ «እንሠራ ነበር እኮ... ቢሆን ኖሮ» ይሆናል። በአንዲት «ም» ቃል የተገባው ነገር ምኞት ይሆናል። በብዙ ሌላ ቋንቋ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም፤ እንግዲህ ጣሊያኖቹ ጅማን በሁለት «ም» መስማታቸው አያስገርምም።

ወደ አጋሮ እንመለስ። ጎማው እስኪለጠፍ የተቀመጥንበት ጋራዥ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ ነግረውናል፤ እኛም አባባ እያልን ነው ያወራናቸው። ልጆቹን ሲያዙ ብትሰሙ የደብተራችን ቃላት ሙሉ አፋቸው ላይ ናቸው። ካቻቢቴ አምጣ። ኮፈኑን ክፈት። ካንዴላውን አውጣ። ፓራፋንጎው ተጨርጭሯል። ቺንጋው ላልቷል። ደብተሩን አውጥተን እያንዳንዱን መጻፍ ስንጀምር ሳቁብን። «ኢጆሌ፣ ይኼ አማርኛ ነው እኮ፣ ምኑን ትጽፉታላችሁ?»

ኮፈን አስደሰተችን። ጣሊያኖቹ «ኮ-ፋ-ኖ» ነው የሚሏት፣ ድምፁ «ኮ» ላይ ወድቆ ሌላው ይንሸራተታል። የሚንሸራተተው ጫፍ መንገድ ላይ ተቆርጦ ቀርቶ አጋሮ የደረሰችው ኮፈን ብቻ ናት።

ቃላቱን ከየት እንዳገኟቸው ጠየቅናቸው። ከጌታቸው፣ ማለትም ሙያውን ካስተማሯቸው መካኒክ። እሳቸውስ? ከጣሊያን። አባታቸውም ጣሊያንኛ ይችሉ እንደነበር ጨመሩልን፤ በጣሊያን ጊዜ መንገድ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። «ምን ምን ይችሉ ነበር?» አልናቸው። አሰቡ። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩልን፤ «ላቮራ። ቪዬኒ። ፌርማ። ቪያ።» ከዚያ ቆም ብለው «በቃ፣ ይኼው ነው» አሉ።

ሥራ። ና። ቁም። ዞር በል።

ዝም አልን። ደብተሩ ላይ «ላቮራ» የሚለው ቃል ያለበት ገጽ ሙሉ ሰንጠረዥ ነው፤ እኔ እሠራለሁ፣ አንተ ትሠራለህ፣ እሱ፣ እኛ፣ እናንተ፣ እነሱ፤ ከዚያ ያለፈው፣ ከዚያ የሚመጣው፣ ከዚያ ቢሆን ኖሮ። የአባባ አባት ከዚያ ሁሉ የደረሳቸው የትእዛዙ ሣጥን ብቻ ነው፤ እሱም በ«አንተ»። «አንቱ» የሚለው አልነበረበትም፣ «እኛ» የሚለውም አልነበረበትም። የሚገርመው በዚያው ዘመን፣ በ1938 እ.ኤ.አ.፣ የሙሶሊኒ መንግሥት ጣሊያኖች እርስ በርሳቸው የሚጠሩበትን የአክብሮት ስም ካልቀየርኩ ብሎ በአገሩ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። ሮም ላይ የትኛው «አንቱ» ይሻላል ብለው ይከራከራሉ። የጅማ መንገድ ላይ ክርክሩ አላስፈለገም።

ስለ ዘመኑ ጥቂት እንበል። ጣሊያን አዲስ አበባን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ጅማ የገባው በ1929 ነው። ከተማዋንም የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አደረጋት። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ካለበት ከጅሬን ኮረብታ በታች፣ ሂርማታ የሚባለው ትልቅ የሐሙስ ገበያ የነበረበት ሜዳ ላይ አዲሱን ከተማ ሠራ። ዛሬ ከከተማዋ ቀበሌዎች አንዱ ሄርማታ መርካቶ ይባላል። ሂርማታ የገበያው ስም ነው፣ መርካቶም በጣሊያንኛ ገበያ ነው፤ ስለዚህ ቀበሌው «ገበያ ገበያ» እንደማለት ነው። የአዲስ አበባው መርካቶ ሲቆረቆር ሙሉ ስሙ «መርካቶ ኢንዲጄኖ» ነበር፤ የአገሬው ተወላጆች ገበያ፣ ከፒያሳው የፈረንጅ ገበያ የተለየ። ኢንዲጄኖ ድምፁ «ዲ» ላይ የሚወድቅ ተንሸራታች ቃል ነው። ተንሸራቶም ጠፋ። መርካቶ ቀረ።

ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ነፃ ወጣች። ጣሊያኖቹ ሄዱ፣ ጋራዡና ፖስታ ቤቱ ከነቃሉ ቀረ። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ፖስታ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ፉርኖ፣ ሳልሳ፣ ባኞ፣ ቦሎ፤ ሁሉም ስም ናቸው። ግስ የለም። ምክንያቱ ጥላቻ አይመስለንም። የአማርኛ ግስ ዝም ብሎ እንግዳ አያስገባም። በር ላይ ያስቆምና አናባቢህን አውልቅ፣ ተነባቢህን ብቻ ይዘህ ግባ ይላል። ገብቶ የተሳካለት አንድ ቃል እናውቃለን። ፊርማ። የጣሊያንኛ ስም ነው፣ ድምፁ «ፊ» ላይ ይወድቃል። አማርኛ ወስዶ አናባቢዎቹን አራገፈና ፈ-ረ-መ አደረገው። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመዋል! ፈረመ፣ አስፈረመ፣ ተፈራረመ፣ ተፈራርመናል። ጣሊያኑ መጥቶ ቢሰማ «ተፈራርመናል» ውስጥ የራሱን ቃል አያገኘውም። ነገሥታቱ ዱሮ ማኅተም ነበር የሚያሳርፉት። ፊርማ ከመጣ ጀምሮ ግን ያለ ፊርማ ቤት እንኳን አይከራይም።

ፊርማ ከተነሳ ውጫሌን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በምኒልክና በጣሊያን መንግሥት መካከል የተደረገው ውል አንቀጽ 17 ላይ ጠቡ የተነሳው በአንድ ግስ ነው። የአማርኛው ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣሊያን መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል። የጣሊያንኛው ግን «ኮን-ሴን-ቴ» ይላል፤ ድምፁ መሀል ላይ የሚወድቅ፣ ተራ ሜዳማ ግስ፤ «ይስማማሉ፣ ፈቅደዋል»። ሮም ይህን ግስ ይዛ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በ1893 እ.ኤ.አ. ውሉን አፈረሱት፤ የቀረው አድዋ ላይ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አለቀ። ትምህርት ቤት ይህን ስንማር የትርጉም ስህተት ነው ተብለን ነበር። አሁን ስናስበው ስህተት የሚለው ቃል በጣም ጨዋ ነው።

የሁለቱን ቋንቋዎች ግስ በዚያ ዘመን ከማንም በላይ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ማን ነበር ብለን ስንጠይቅ መልሱ መልሶ ወደ ጅማ ያመጣናል። ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ! ብዙዎቻችን የምናውቃቸው በ1908 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፣ በተለምዶ ጦቢያ በምንለው። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ስለሆነ ፈተና ላይ አይቀርም። ከልብ ወለዱ በፊትና በኋላ የጻፏቸውን ሁለት መጻሕፍት ግን ፈተና ላይ አላየናቸውም። ዘጌ በ1868 እ.ኤ.አ. ተወልደው፣ ጣሊያን ተልከው፣ ቱሪን ላይ ሥዕል ተምረው፣ በኋላ ኔፕልስ በሚገኘው የምሥራቃውያን ቋንቋዎች ተቋም አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ለተማሪዎቻቸው በጣሊያንኛ የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ጻፉ፤ ሮም፣ 1905። በ1911 ደግሞ ሌላ ጨመሩ፤ ርዕሱ «የአማርኛ ግስ» ማለት ነው። ሙሉ መጽሐፍ ስለ ግስ ብቻ!

እስቲ የማስተማሪያውን ክፍል አስቡት። ኔፕልስ። አንድ የዘጌ ሰው ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለጣሊያን ወጣቶች «ይመታል»ን ላልቶና ጠብቆ ያስረዳል። ተማሪዎቹ ማጥበቅ አይከብዳቸውም፣ በእናታቸው ቋንቋ አለ። እንግሊዝ ወይም ፈረንሳይ ቢሆኑ ገና ድምፁን ለመስማት ወራት ይፈጅባቸው ነበር። (ክፍሉን አላየነውም፤ ግን ጆሮ ያለው ሁሉ መገመት ይችላል።)

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው ያማል። አገራቸው ተመልሰው ትልልቅ ሹመት ያዙ። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆነው አገራቸውን ወከሉ። ጣሊያን ሲወርር ግን ከወራሪው ጎን ቆሙ፤ «አፈ ቄሣር» ተባሉ። የራሳቸው ስም ትርጉም የወርቅ አፍ ነበር። ከነፃነት በኋላ ወደ ጅማ በግዞት ተላኩ፣ በ1947 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፉ።

በነጋድራስ አፈወርቅ ላይ ተከራከርን፤ ሦስት ሰው፣ ሦስት አሳብ። አንዷ «ባንዳ ባንዳ ነው፣ ሌላ ቃል አትፈልጉለት» አለች (ባንዳም የጣሊያንኛ ቃል መሆኑን ስናስታውሳት ይበልጥ ተናደደች)። ሌላኛዋ ደግሞ መጽሐፉ ከሰውየው ይለያል አለች፤ የአማርኛን ግስ ለዓለም ያስረዳ ሰው ነው፣ ያ ሥራ አይሰረዝም። ሦስተኛዋ ያነሳችው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀንም። «ጅማ ሲደርሱ ምን ሰምተው ይሆን?» አለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቄሣሩ ያለሟት ከተማ ናት። ፖስታ ቤት አለ፣ ፉርኖ ቤት አለ፣ መኪና አለ። በየመንገዱ የሚሰሙት የሚያውቁት ቋንቋ ስብርባሪ ነው፤ ድምፁ ያለቦታው የወደቀ፣ ክፍለ ቃሉ የተጨመረ፣ ጫፉ የተቆረጠ፤ ግን አንድም ግስ የሌለበት። ሁለቱንም የግስ ሰንጠረዥ ከነሙሉ ሣጥኑ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው ናቸው። «እኛ» የሚለው ሣጥን በሁለቱም ቋንቋ የት ጋ እንዳለ ያውቃሉ። እኛን የሚከነክነን ይህ ነው፤ አለማወቅ ቢሆን ይቅር ማለት ይቀል ነበር።

ግስ የለም አልን አይደል? ተሳስተናል። ያረመን ያው የአጋሮው ጋራዥ ነው።

ጎማው ተለጥፎ ሲገጠም ደብተሯን ስታገላብጥ የነበረችው ጓደኛችን «ቆይ፣ ካቻቢቴ!» ብላ ጮኸች። ካቻ-ቪቴ። ቪቴ ብሎን ነው። ካቻ ግን ግስ ናት! «ካቻሬ» ማለት መክተት፣ ማስገባት፤ ደግሞ ማባረር፣ ማደን። ፓራ-ፋንጎም እንደዚያው ነው፤ ፋንጎ ጭቃ፣ ፓራ «ይከላከላል»። ጣሊያኖች መሣሪያን ሲሰይሙ ግስና ስም ያጋጥማሉ፣ ድምፁም ሁልጊዜ ስሙ ላይ ይወድቃል፤ ካቻ-ቪ-ቴ፣ ፓራ-ፋን-ጎ። ግሱ ከፊት ሆኖ ዝቅ ብሎ ያልፋል፣ ማንም አይሰማውም። ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልንም። ፌርማታ! የአባባ አባት «ፌርማ» ሲባሉ ቀጥ የሚሉባት ያቺው ግስ ናት፣ ጅራት አውጥታ «የቆመ ነገር፣ ማቆሚያ» የሆነች። ማኪያቶም ከግስ የወጣ ነው፤ «የተነጠበ» ማለት ነው። ጠዋት ያዘዝነው የተደረገበትን ግስ ኖሯል። ግሶቹ አልሄዱም ነበር፤ ስም ለብሰው ተቀምጠዋል።

ለአባባ ነገርናቸው። ሃምሳ ዓመት በእጃቸው የያዙትን ካቻቢቴ አገላብጠው አዩት። «ማባረር ነው ያላችሁኝ?»

«ማስገባትም ነው አባባ። ብሎን ማስገባት።»

«ለብሎን ነው ማስገባት» አሉና ሳቁ። ቀጥለውም ያልጠበቅነውን ጠየቁን። «እናንተ ስትሠሩ ምን ትላላችሁ በዚያ ቋንቋ? አባቴ የሚያውቀውን አይደለም። እኛ እንሠራለን ለማለት።»

ደብተሩን አየን። «ላቮሪያሞ» አልናቸው፤ አራት ክፍለ ቃል፣ ድምፁ «ሪያ» ላይ ይወድቃል።

«ላ-ቮ-ሪ-ያ-ሞ» አሉ። አምስት ነው፣ ድምፁም የትም አልወደቀም። ልጆቹም ከመኪናው ሥር እየተቀባበሉ አሉት፤ ላ-ቮ-ሪ-ያ-ሞ። አላረምናቸውም። ረዳቱ በሩን እየደበደበ ግቡ፣ ግቡ ይለን ጀመር፣ ወደ ሚኒባሱ ሮጥን።